አሮጌውን አምጣ

ኦቦ ዲንሳ ያረፉ ዕለት ጠዋት፣ ወሬውን ያልሰማ አንድ የባኮ ሾፌር በጥቀርሻ የጠቆረ የመኪና ካንዴላ በመዳፉ ይዞ መጣና የተዘጋውን ሱቅ ማንኳኳት ጀመረ። እኔ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ነበርኩ። መርገጫውን መርገጥ አቅቶኝ ነው የተቀመጥኩት። «አታንኳኳ፤ አርፈዋል» አልኩት። ካንዴላውን አየ፣ በሩን አየ፣ ወደ እኔ ዞረና «ታዲያ አሁን ማን ይምረጥልኝ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ይባላል እንጂ ስለ ካንዴላ ይጠየቃል? ልሰድበው አፌን ስከፍት ሰውዬው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። ስድቤን ዋጥኩት።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ እሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ጥያቄ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ከተማችንን ነቀምት ሳይሆን ለቀምት የምንልበት። የኦቦ ዲንሳ ሱቅ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ፊት ለፊት አንዲት ክፍል፣ ከኋላ የሚተኙባት ሌላ ክፍል፣ ከደጅ በረንዳ። እኔ ከጉራጌ አገር መርፌና መቀሴን ይዤ ስመጣ ማንም ቦታ አልሰጠኝም፤ እሳቸው ግን አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ወደ በረንዳው በአገጫቸው አሳዩኝ። «ኸይሩ እባላለሁ» አልኳቸው። «ተቀመጥ» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ የተነጋገርነው ቢደመር እኔ ለአንድ ደንበኛ ሱሪ ስለካ የማወራውን አያህልም።

ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ግራ እግራቸው አይታጠፍም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ድሮ ሾፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ጭነው የዲዴሳን ዳገት ሲወጡ ሞተሩ እያሳለ መጣና መሀል ዳገት ላይ ጠፋባቸው፤ ፍሬኑ አልያዘም፤ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገባ። በኋላ ሞተሩ ሲፈታ ጥፋቱ የካንዴላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት አንድ ነጋዴ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የሸጠላቸው ነበር። እግራቸው ሲድን ዳግም መሪ አልጨበጡም፤ ሱቅ ከፈቱ። የሚሸጡት ካንዴላ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቀበቶም ዘይትም ነበረ፤ ግን እሱን ማንም ይሸጠዋል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። አሮጌውን ያላመጣ ሰው አዲስ አይሸጡለትም። በኦሮምኛ ለመጣ «ሞፋ ፊዲ»፣ በአማርኛ ለመጣ «አሮጌውን አምጣ»። ሌላ ቃል የለም። መንገደኛው «እቸኩላለሁ፣ መኪናው እዚያ ቆሟል፣ አቅርቡልኝ እንጂ» ቢል፣ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ እጃቸውን ዘርግተው ዝም ነው። ሰው ሲያወራ አፉን አያዩም፤ እጁን ነው የሚያዩት። አሮጌው ሲመጣላቸው ወደ ብርሃን ወጥተው ጫፉን ያገላብጡታል። እንደ ኖራ ከነጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ሙቀት ቶሎ የሚያወጣ ካንዴላ ይፈልጋል። በጥቀርሻ ከጠቆረ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጥቀርሻውን አቃጥሎ የሚያራግፍ፣ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ካንዴላ ይሰጠዋል። የቀይ ጤፍ ዱቄት ከመሰለ ግን ደህና ነው። ያን ጊዜ አይሸጡም። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ክፍተት ለክተው፣ «ሂድ» ይላሉ።

ክፍተቷን የሚለኩት በእኔ መርፌ ነበር። አንድ ቀን የስፌት መኪናዬ ቀጭን መርፌ ጫፏ ተሰብራ ስወረውራት አነሷት። ካንዴላው ጫፍ ላይ አስገቡ፣ አወጡ፣ ልክክ አለች። ከዚያ ወዲህ ያቺ መርፌ ከካፖርታቸው ኮሌታ ላይ አልወጣችም። የጨርቅ ቁርጥራጬንም ከሥሬ እየለቀሙ ይወስዱ ነበር። «ኦቦ፣ አሻንጉሊት ሊሰፉ ነው?» እያልኩ አፌዝባቸዋለሁ። ጨርቁን አጥፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ሾፌሮቹ ይፈሯቸው ነበር። አንዱ ከደምቢ ዶሎ መጥቶ ሞተሩ ለምን እንደሚግል አላውቅም ሲል አሮጌውን አይተው፣ «ታውቃለህ። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህብህ ማርሽ አልቀነስክለትም። እንዳልሰማህ ሆንክ» አሉት። ሰውዬው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ጠጋ አለና «ጠንቋይ ናቸው እንዴ?» አለኝ። «ወላሂ እኔን እንኳን ምን እንደበላሁ ሳይጠይቁ ያውቃሉ፤ ዝም ብለህ ግዛ» አልኩት።

ገመቹ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። እናቱ ገና ሲድህ ሞታበት እሳቸው ናቸው ያሳደጉት፤ እንጀራ እናት አላመጡበትም። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሱቁን እንዲረከብ አሰቡ፤ እሱ ግን ሐሳቡ መኪና ላይ ነበር። በድብቅ መንጃ ፈቃድ አወጣና አንድ ቡና ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪናውን አስረከበው። ያን ጠዋት እኔ እዚሁ ነበርኩ። ኦቦ ዲንሳ ደጃፉ ላይ ቆሙና፣ «መሪ ከጨበጥክ፣ እስክትለቀው ድረስ ደጄን እንዳትረግጥ። የእናትህ አጥንት ይስማ» አሉ። ልጁም የአባቱ ልጅ ነው። ካፖርቱን ከበሩ ላይ አንስቶ፣ «አልረግጥም። የእናቴ አጥንት ይስማ» ብሎ ወጣ።

በእናት አጥንት የተማለ ነገር በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ሽማግሌ ካልገባበት አይፈታም። ሽማግሌ የሚልከው ደግሞ ታናሹ ነው፤ አባት ልጁን ልለምን ብሎ ሽማግሌ ቢልክ ነውር ነው። «ኦቦ፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ ነውሩ ለእኔ አይደርሰኝም፤ ሰው ይዤ ልሂድ» ብላቸው፣ «አንተ ቁጭ ብለህ ስፋ» አሉኝ። ሰፋሁ። ምን ላድርግ?

ገመቹ ከጊምቢ ቡና ጭኖ በየሳምንቱ ደጃችንን ያልፋል። ከተማ ሲገባ ለሁሉም ጥሩንባ ይነፋል፤ ለሻይ ቤቷ፣ ለፖሊሱ፣ ለገበሬው አህያ ሳይቀር። እኛ በር ሲደርስ ግን ጥሩንባው ዝም ይላል፣ መኪናው ቀስ ይላል። ኦቦ ዲንሳ በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ቀና ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። መንገዱን አያዩም። ያዳምጣሉ። ድምፁ ሲርቅ፣ «ሁሉም ይሠራሉ» ይላሉ። ካንዴላዎቹን ማለታቸው ነው። 

ታዲያ ካንዴላዎቹን ማን መረጠለት? እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የሚሄደው በተሰማ በኩል ነበር። ተሰማ የሰላሌ ሰው ነው፤ ሆዳም፣ ጯሂ፣ ቅን ሾፌር። ከገመቹ ጋር አንድ መስመር ይሠራል። በየጊዜው በቀይ የጎማ ላስቲክ የታሰረ ጥቅል ይዞ ይመጣና፣ «እነዚህ የአንድ ወዳጄ ናቸው፤ ስሙን አልናገርም» ይላል። ኦቦ ዲንሳም የማን ነው ብለው አይጠይቁም። ላስቲኩን ይፈታሉ፣ ካንዴላዎቹን ብርሃን ላይ ያያሉ፣ ረዥም ጊዜ መደርደሪያው ፊት ይቆማሉ። የገመቹ መኪና ለምርጫ ከባድ ነበረች። አርጅታ ዘይት ስለምትበላ ትኩስ ካንዴላ ያሻታል፤ ከዲዴሳ ቆላ ተጭና ዳገት ስትወጣ ደግሞ ትኩሱ ይቃጠላል። ለዚያች መኪና የሚሆነው በሁለቱ መሀል ያለ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እሱን ከአዲስ አበባ እያስመጡ ለብቻው ያስቀምጡት ነበር። ለሌላ ሰው ሲሸጡት አላየሁም።

እኔም በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዓይኔ አንዳንድ ነገር ተምሯል። አንድ ቀን የገመቹ ጥቅል ሲፈታ ጠጋ ብዬ አየሁ። የቀይ ጤፍ ቀለም። ሁሉም።

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው» አልኳቸው።

«ደህና ነው።»

«ባለፈውም ደህና ነበር?»

«ሁሌም ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሲሆን ይልከዋል?»

ካንዴላውን በጣታቸው አገላበጡት። «አንተ ልብስ ሰፊ ነህ። ሰው ያልተቀደደ ልብስ ይዞ እየመጣ ስፋልኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

«ምን ፈልገህ ነው እለዋለሁ።»

«ከጠየቅከው ሁለተኛ አይመጣም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ብጠይቀው መላኩን ይተዋል» አሉ። አዲሱን ጠቅልለው ለተሰማ ሰጡት፤ ደህናውን አሮጌ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ጥቅል በመጣ ቁጥር ፊቴን ወደ ስፌቴ አዞር ነበር። አባትና ልጅ የሚያወሩበት አጥተው ብረት ይላላካሉ።

የማልረሳው ቀን ግን ሌላ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና አልደረቀም። ተሰማ ጥቅሉን ይዞ መጣ፣ እንደ ልማዱ ስሙን የማይናገረውን ወዳጁን አነሳ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቦ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ጥቀርሻ ቶሎ የሚይዘውን ይስጡት። እያሳለ እያሳለ ይመጣና እዚህ ደጅዎ ላይ ቀጥ ይላል። መሐላው ደጅ አትርገጥ ነው እንጂ ደጅ ላይ አትቁም አይልም። ያን ጊዜ ጎትተን እናስታርቃችኋለን» አለ። እኔ ሳቅኩ። ተሰማም በራሱ ብልሃት ሆዱ እስኪርገፈገፍ ሳቀ። ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም። መደርደሪያው ፊት ቆሙ። እጃቸው ወደ ገመቹ ካንዴላ ሄዶ ተመለሰና ከላይኛው ረድፍ ሌላ አወረደ። ጠቀለሉ። ሰጡት። የተሰማም ሳቅ ጠፋ፤ እንደማያደርጉት ነበር የሚያስበው። ተቀብሎ ሄደ።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸው የማይታጠፈውን ጉልበት ያሻሻል። ገጻቸው ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነገር ነበር፤ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ገጽ። በሩን ያያሉ፣ ቤቱን ያያሉ፣ ተነስተው የደንበኛውን አግዳሚ በእጃቸው አበስ አደረጉና ተቀመጡ። ከዚያ ድንገት፣ «ኸይሩ፣ ዳገቱ ከዲዴሳ ወዲህ ነው» አሉኝ። ይህን የማያውቅ የለም። ሞተሩ ደጃችን ሳይደርስ እዚያ ዳገት ላይ ሊጠፋ እንደሚችል ገና ሳይገባኝ፣ የገመቹን ካንዴላ ከመደርደሪያው አፍሰው ወጡ።

ሮጡ። ምርኩዛቸው በሩ ላይ ቀርቷል። ያን እግር እየጎተቱ፣ በጨው ሻጩና በበርበሬዋ መሀል፣ በሬ እየገፉ፣ ሴቶች «ምን ነካቸው» እያሉ መንገድ ሲለቁላቸው፣ ከኋላቸው እኔ ሜትሬ አንገቴ ላይ እየተወዛወዘ። ሁለቴ ወደቁ። ላነሳቸው ስል ገፈተሩኝ። ተሰማን ያገኘነው ከከተማው መውጫ፣ ኬላው ላይ፣ እስኪከፈትለት ቆሞ ነው። እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ጥቅሉን ነጠቁት፣ ቦይ ውስጥ ወረወሩት፣ የያዙትን እቅፉ ላይ ደፉለት። «ኦቦ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው» ይላል ተሰማ፤ እንባው መጥቷል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ በሩን ተደግፈው ቆሙና፣ «ካንዴላ የት እንደሚሞት አይመርጥም» አሉት።

ስንመለስ ትከሻዬን ተደግፈው ነው። ጭቃው ፊታቸው ላይ ደርቋል። ገበያው መሀል ስንደርስ ቆም አሉና፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «ትክክለኛውን ሰጠሁት። እንግዲህ አይመጣም» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ብቻውን የሆነ ሰው አላየሁም፤ ያውም ከእኔ ጋር እየሄዱ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ መሀል።

በሳምንቱ መኪናዋ አለፈች። ቀስ አለች። ጣሪያውን አዩ። «ሁሉም ይሠራሉ» አሉ።

ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ደረታቸውን አመማቸው። አልጋ ላይ ሆነው እንኳን ለገመቹ የመጨረሻውን ጥቅል መርጠው በእኔ እጅ ላኩ። ሲያርፉ ገመቹ ደምቢ ዶሎ በኩል ነበር፤ መንገዱ በጭቃ ተቆርጦበት አፈር ሲመለስ ደረሰ። ዳር ቆሞ ቀበረ። ወደ ልቅሶው ቤት ግን አልመጣም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አመሸ። ሰው «የድንጋይ ልብ» ብሎ አማው። መሐላ የያዘው ሰው ምን ያድርግ? የሚፈቱለት አባቱ አፈር ውስጥ ገብተዋል። ዘመድ የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ሰጥቶ ሄደ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን እጀ ጠባብ እየሰፋሁ ሳለ የገመቹ መኪና መጣች፤ ቀስ አለች፣ እንደ ልማዷ። እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ። ድምፁ ጎድሏል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይስታል፣ ትስላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ባሰባት። ተሰማን ይዤ፣ «ጓደኛህ ጆሮ የለውም? ካንዴላ አይቀይርም?» አልኩት።

«አላወጣም አለ። አባቴ የመረጡት የመጨረሻው ነው፣ ሌላ ሰው የመረጠው እዚህ አይገባም ይላል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ኸይሩ፣ ዲዴሳ ላይ አንድ ቀን ይቀራል።»

ተናደድኩ። እኚያን ሰው ያንን ሁሉ ያስሮጣቸው ዳገት ልጁን ሊበላው ነው። ሱቁን ከፈትኩና ለዚያች መኪና የሚሆነውን ፍለጋ መደርደሪያውን አተራመስኩ፤ አልቋል። ከባንኮኒው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳብኩት። የእኔን ጨርቅ አየሁ። ካኪ፣ አቡጀዲ፣ የትምህርት ቤት ሰማያዊ፣ ከሥሬ የለቀሟቸው ቁርጥራጮች ሁሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅል በቀይ የጎማ ላስቲክ ታስሯል። ገመቹ ደህና ሆነው ሳሉ እያወጣ የላካቸው ካንዴላዎች ናቸው። አንድም አልሸጡም፣ አንድም አልጣሉም። ተጠርገዋል። መርፌዋ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካፖርታቸው ላይ ነበረች፤ አንስቼ ካንዴላዎቹ ጫፍ ላይ እየሞከርኩ አየሁ። ሁሉም ላይ ልክክ አለች።

በሳምንቱ መኪናዋ እያሳለች ስትመጣ መንገዱ መሀል እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ፍሬን ያዘ። ሰው ተሰበሰበ። «ውረድ» አልኩት። ወረደ። ከስቷል፤ ቁመቱ የአባቱ ነው።

«አሮጌውን አምጣ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ ኸይሩ፣ አላወጣም። የመጨረሻው ነው።»

«አይደለም። አባትህ የመረጡልህ ገና ሙሉ መሳቢያ አለ። የላክካቸውን ሁሉ ጠርገው፣ ለክተው አስቀምጠውልሃል።»

«እነዚያ እኮ ደህና ነበሩ» አለ።

«ያውቁ ነበር።»

«ያውቁ ነበር?» መሬት መሬቱን አየ። «አንድ ቀን ይሄ ደህና ነው፣ ለምን ላክኸው ቢሉኝ እመጣ ነበር። ያንን ነበር የምጠብቀው።»

ልደብቀው ዳድቶኝ ነበር። ግን ማወቅ አለበት። «ብጠይቀው መላኩን ይተዋል ብለው ፈሩ» አልኩት። እኔ ወደ በረንዳው ወጣሁ፣ እሱ ተከትሎኝ ደረጃው ሥር ቆመ።

በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። «አውጣልኝ።»

«አላወጣም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ተሸካሚ አይደለሁም። ገብተህ ውሰድ።»

«መሐላ አለብኝ።»

«በእናትህ አጥንት ነው የማላችሁት። አሁን አባትህ ከእናትህ ጎን ተኝተዋል። እዚያው ይጨርሱት፤ አንተ ግባ።»

ጫማውን አወለቀ። ማንም አላዘዘውም። ደጃፉ ላይ ብዙ ቆየ፤ አንድ እግሩን አነሳ፣ መለሰ፣ ከዚያ ገባ። መሳቢያው ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ ልቅሶውን ሰማሁ። መንገድ ላይ የተሰበሰበው ሰው እንዳይሰማው ብዬ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ጨርቅ ሳላስገባ መርገጥ ጀመርኩ። እስኪጨርስ ረገጥኩ።

ሲወጣ አንድ ጥቅል ነው የያዘው፤ የሰማያዊውን። የቀረውን በየተራ እወስዳለሁ አለኝ። እዚያው ደጃፍ ላይ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጥሩንባውን ረዥም ነፋና ሄደ።

ድምፁ እስኪርቅ አዳመጥኩ። «ሁሉም ይሠራሉ» አልኩ፣ በልማድ ወደ በሩ ዞሬ። በርጩማው ላይ ማንም አልነበረም።